ከመግሪብ በፊት የምታደርስ መኪና

መኪና ልገዛ ነው ስል ከሚሴ ውስጥ አስተያየት ያልሰጠኝ ሰው የለም። አንዱ ሚኒባስ ገዝተሽ አሠሪበት ይለኛል፣ ሌላው ባጃጅ ይበቃሻል ይለኛል። ሰርግ ላይ አጠገቤ የተቀመጡ አንዲት ሴትዮ ደግሞ «ባል ሲመጣ ይዞ ይመጣል» ብለው ጉዳዩን ዘጉት። እኔ ግን የምፈልገውን አውቅ ነበር። ያገለገለች፣ ትንሽ፣ ኋላዋ ቁርጥ ያለ፣ ማርሿ በእጅ የሚገባ፣ ጉልበቷ ከቁመቷ የሚበልጥ መኪና። ይህን ስናገር ሰዉ የጎረምሳ መጫወቻ ያማረኝ አድርጎ ያየኛል።

መጫወቻ አልነበረም። የምሠራው ሰንበቴ ጤና ጣቢያ፣ ላብራቶሪ ውስጥ ነው። የምኖረው ከሚሴ፣ ከአባቴ ጋር። አባቴ ስኳር አለባቸው፤ ጠዋትና ማታ መርፌ ይወስዳሉ። ዓይናቸው ስለደከመ የመርፌውን መስመር ማንበብ አይችሉም፣ ከእኔ ሌላ ሰው እንዲወጋቸው ደግሞ በጄ አይሉም። ጎረቤታችን አንድ ማታ ልትሞክር ብትመጣ፣ «እጅሽ እየተንቀጠቀጠ እኔን ልትወጊ ነው?» ብለው መለሷት። ስለዚህ የማታው መርፌ በእኔ መመለስ ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ። ሚኒባስ የሚነሳው ሲሞላ ነው። ሞልቶ ቢነሳም ጨፋ ሮቢት ላይ ሰው ያወርዳል፣ ሰው ይጭናል፤ ከዚያ አንድ ተሳቢ ከፊቱ ከገባ እሱን ተከትሎ ሲያዘግም ይመሻል። ስገባ አባቴ ራት ሳይቀምሱ፣ ፊታቸውን ወደ በሩ አዙረው ተቀምጠው አገኛቸዋለሁ።

አዳማ የሚኖረው ታላቅ ወንድሜ ፀሐይ ጠልቃ መግሪብ ሲሆን ሳያሰልስ ይደውላል። ጥያቄው ሰላምታ እንኳ አይቀድመውም። «ተወጉ?» ነው የሚለው። «አላህ ይመስገን፣ ተወጉ» ማለት የቻልኩባቸው ማታዎች እያነሱ ሲሄዱ ቁርጡን ነገረኝ፤ ወይ ሥራሽን ትተያለሽ፣ ወይ አብዬን እኔ ጋ አመጣቸዋለሁ አለ። ክፉ ሆኖ አይደለም፤ ሰግቶ ነው። ግን ከሚሴ ተወልደው ከሚሴ ያረጁ ሰው አዳማ ፎቅ ላይ ምን ይሠራሉ? መስጊዳቸውን በእግራቸው ዳብሰው የሚያውቁት እዚህ ነው። የወንድሜን ቃል የሰሙ ቀን «እናንተ እንዳላችሁ» ብቻ አሉ፤ እንዲህ ያለ ቃል ከአባቴ አፍ ሰምቼ ስለማላውቅ አንጀቴን በላው። ሥራዬንም አልለቅም፣ አባቴንም አልሰጥም አልኩ። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም። የሚያስመሸኝ ከፊት የሚገባው ተሳቢ ከሆነ፣ ተሳቢውን የምትቀድም መኪና እፈልጋለሁ።

«ብቻሽን አትገዢም» አሉኝ አባቴ።

በጉልበታቸው ዘመን የሰንበቴ ገበያ የከብት ደላላ ነበሩ። ከአፋር በኩል የወረደውን ግመል፣ ከደጋ የመጣውን በቅሎና በሬ ሲያሻሽጡ ነው ያሳደጉን። ለሳቸው ሞተር ያለውም የሌለውም የሚገዛበት ሕግ አንድ ነው። የምትገዛውን በሻጩ ፊት አታሞግስ፤ ሲሄድ ሳታይ እጅህን አትስጥ፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ ገመዱ የሻጭ ነው። ሻጭ ከብቱን ሲያስረክብ ገመዱን ፈትቶ ያስቀራል፣ ክታብም አንገቱ ላይ ካለ ይፈታል። ያንን ይዞ የሄደ ገዢ የሰው በረከት ይዞ ሄደ ይባላል። ገዢ የራሱን ገመድ ይዞ ይመጣል።

ኮምቦልቻ ለመሄድ በጠዋት ስንነሳ የአባቴ ኮት ኪስ አብጦ ነበር። ከኪሱ አፍ የቃጫ ገመድ ጫፍ ይታያል። አይቼ እንዳላየ ሆንኩ።

የመኪና ደላላው ሁለት መኪኖች ጎን ለጎን አቁሞ ጠበቀን። አባቴን ሲያይ «አከም ጂርቱ አባባ» ብሎ በኦሮምኛ ሰላም አላቸውና ትከሻቸውን ሳማቸው፣ ወዲያው ወደዱት። ሁለቱም መኪኖች ትንንሽ ናቸው፣ ሞተራቸውም አንድ ዓይነት ነው። አንደኛዋ ቀይ፣ ሁለት በር፣ ዝቅ ያለች፣ ማርሚታዋ የተቀየረ ናት፤ ስትነሳ ድምፅዋ ደረት ውስጥ ይገባል። ሌላዋ ግራጫ ናት። አራት በር፣ አንዱ የኋላ በሯ ጎድጎድ ያለ፣ ድምፅ የሌላት፣ መንገድ ዳር ቆማ ብትውል ማንም ዞሮ የማያያት። ዓይን አዋጅ ሆነብኝ ብል ውሸት ነው። ዓይኔ ቀይዋ ላይ ተተክሎ ቀረ።

«ማሻአላህ በይ እንጂ!» አሉኝ አባቴ በጆሮዬ። «እንዲህ አፍጥጠሽባት ማን ዋጋ ይቀንስልሻል?»

መጀመሪያ ቀይዋን ነዳሁ፣ ደላላው ከጎኔ ሆኖ። ሁለተኛ ማርሽ አስገብቼ ስረግጣት ሳላስበው ሳቅኩ። እንደዚያ ደስ ያለኝን ቀን አላስታውስም። የመንገድ ጉብታ ላይ ስንደርስ ግን ሆዷ አስፋልቱን ፈገፈገው፣ ደላላውም በመስኮት ወደ ሌላ ቦታ ማየት ጀመረ። ግራጫዋን ደግሞ ስነዳ መጀመሪያ ምንም አልተሰማኝም። ሦስተኛ ላይ ሆኜ አንድ የጭነት መኪና ለመቅደም ስረግጣት ነው ጀርባዬ ወንበሩ ላይ የተለጠፈው። ሳትጮህ ሄደች። እሺ፣ ጎበዝ ነሽ አልኳት። ልቤ ግን ቀይዋ ጋ ነበር፤ ይህን አልደብቅም።

ከዚያ አባቴን ሁለቱም ውስጥ ግቡና ውጡ አልኳቸው። ሐኪም ቤት የምወስዳቸው፣ ጁምዓ የማደርሳቸው በዚህችው መኪና ነዋ። ግራጫዋ ውስጥ ያለ ችግር ገብተው ወጡ። ቀይዋ ውስጥ ሲገቡ ግን ወንበሩ ወደ ታች ወሰዳቸው፤ «ጥሩ አልጋ ነው» ብለው ቀለዱ። መውጣቱ ላይ ቸገራቸው። እግራቸውን አወጡ፣ በሩን ያዙ፣ ተነሱ፣ ተመልሰው ተቀመጡ። ደላላው እጁን ቢዘረጋ ገፉት። እኔ ጎማ የምመረምር መስዬ ጎንበስ አልኩ፤ አባቴ እንዲያ ሆነው ላያቸው አልፈለግሁም። እንደምንም ወጥተው ኮታቸውን አራገፉና፣ «ጋሪ ናት፣ ጥሩ ናት። ቀይዋን ውሰጂ» አሉ።

ዓይናቸው ቢደክምም ልቤ የት እንዳለ አይተዋል።

«ግራጫዋን ነው የምወስደው» አልኩ።

«ለምን?»

«የቀይዋ ሆድ መሬት ይነካል።»

«ደላላ ሆኜ ኖሬ ማመካኛ አይጠፋኝም» አሉ፤ ከዚያ በኋላ ግን አልተከራከሩኝም። ቀይዋን አንዴ እንኳ ዞሬ አላየኋትም። ባያት ወላውል ነበር፣ መወላወል ደግሞ አልፈለግሁም።

ውሉ አልቆ ደላላው ሞተሩን አስነስቶ አስረከበን። መሪው ሥር ከተሰካው ቁልፍ ጋር የቆዳ ማሰሪያ ተንጠልጥሏል፣ ማሰሪያው ጫፍ ላይ ዙሪያውን የተሰፋች ትንሽ የቆዳ ከረጢት አለች። አባቴ በመስኮት እጃቸውን አስገብተው ዳበሷት።

«ክታብ አላት» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «የባለቤቱ ነው። ይፈታ።»

«ልክ ነው አባባ፣ ክታብማ ለባለቤቱ ይመለሳል» አለ ደላላው፤ እሱም የወሎ ልጅ ነው። ፈትቶ፣ ግንባሩን አስነክቶ፣ በአክብሮት ኪሱ ከተተው። እኔም ስፖኪዮ እያስተካከልኩ ሰማሁ፣ ትክክል መሰለኝ። የሰው ክታብ ከፍቶ የሚያይ ማን አለ? አባቴ ገመዳቸውን አውጥተው በጣታቸው እየዳበሱ ቁልፉ ላይ ቋጠሩልኝ። «እንግዲህ ያንቺ ናት» አሉኝ።

ሀርቡ ላይ ለከሰዓት በኋላው የአስር ሶላት ቆምን። ሰግደን ተመልሰን ቁልፉን ባዞረው መኪናዋ ጮኸች። መብራቷ ይበራል፣ ይጠፋል፤ ጥሩምባዋ የከተማውን ሰው ሁሉ ጠራብኝ። ሞተሩ ግን ወይ ፍንክች። አንዱ ኮፈኑን ክፈቺ ይላል፣ ሌላው እንግፋት ይላል። አባቴ «ምን ሆነች? ምን ሆነች?» እያሉ ዙሪያዋን ይዳብሳሉ። ደላላው ጋ ደወልኩ። በስልኩ ውስጥ ኪሱን ሲፈትሽ ሰማሁት።

«እህቴ» አለኝ፣ «ክታቡ ውስጥ የሚጫን ነገር አለ። ወላሂ፣ አላርሟ ነው!»

የድሮው ባለቤት የአላርሙን ሪሞት እንዳይሰበርበት ቆዳ አሰፍቶለት ኖሯል። ያለሱ ደግሞ መኪናዋ ሞተሯ አንዴ ከጠፋ አትነሳም። ደላላው ወደ ከሚሴ በሚመጣ ሚኒባስ እልካለሁ አለኝ። ስሰድበው የኖርኩትን ሚኒባስ እዚያ መንገድ ዳር ቆሜ እንደ ዘመድ ጠበቅሁት። ፀሐይ ዝቅ አለች። ተናድጄ ነበር፤ በማን እንደምናደድ ግን ጠፋኝ። አባቴ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ከዘራቸውን በሁለት እጃቸው ይዘዋል።

«ዛሬም ሊመሽብን ነው» አሉ። «ወንድምሽ እውነቱን ነው መሰለኝ። ሸክም ሆንኩብሽ።»

«አብዬ፣ ከመግሪብ በፊት ቤት ነን። ይሄን ነገር ሁለተኛ እንዳይሉኝ» አልኩ። ተቆጥቼ ነው ያልኩት። ሰዓቱን ሳየው እኔም ፈርቼ ነበር።

ከረጢቷ መጣች። ጫን ሳደርጋት መኪናዋ ዝም አለች፣ ቁልፉን ሳዞር ተነሳች። ቢስሚላህ ብዬ ወጣሁ። አባቴ እስከዚያ ድረስ እኔ ስነዳ «ቀስ» ከማለት በቀር ሌላ ቃል አያውቁም ነበር። ብዙም ሳንሄድ ከፊታችን አንድ ተሳቢ ገባ፤ ጭነቱ ከብዶት ይጎተታል፣ ጭሱ መስታወቱን ሞላው። ስንትና ስንት ማታ ያስመሸብኝ እሱ ነው፣ ወይም ወንድሙ። አባቴ ድምፁን ሰሙት።

«ከፊት ነው?»

«አዎ።»

«ከወዲያ የሚመጣ አለ?»

መንገዱ ቀጥ ብሎ ይታየኝ ነበር። «ማንም የለም፣ አብዬ።»

ጨምድደው ይዘውት የነበረውን፣ በላያቸው ያለውን እጀታ ለቀቁና እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አሳረፉ። «ዴሚ!» አሉ። «ዴሚ፣ ኢንተላ ኮ! ሂጂ፣ ልጄ!»

ማርሽ ቀንሼ ረገጥኳት። ግራጫዋ ሳትጮህ ተሳቢውን ከነተጎታቹ ወደ ኋላ ጣለችው። ዓይኔ እንባ ሞላ፣ በእጄ ጀርባ ጠረግሁት፣ መንዳቴን ቀጠልኩ።

በራችን ላይ ስንቆም አዛኑ ገና መጀመሩ ነበር። ሮጬ መርፌውን ከፍሪጅ አወጣሁ፣ መስመሩን አየሁ፣ ወጋኋቸው። ጥጡን ገና ክንዳቸው ላይ እንደያዝኩ ስልኩ ጠራ። አባቴ እጃቸውን ዘረጉ፤ ሰጠኋቸው።

«ተወጉ?» አለ ወንድሜ።

«ተወግቻለሁ» አሉ። «ስማኝ ልጄ። ልትወስደኝ የምትመጣ ከሆነ እንዳትለፋ። ገመዴን ለእህትህ ሰጥቻታለሁ።»

ስልኩን መለሱልኝና ራት ጠየቁ።