እምቢ ማለት ይቻላል ተብሎ

ማንበብ የተማርኩት ልጆች ከወለድኩ በኋላ ነው፤ በመሠረተ ትምህርት፣ ናዝሬት፣ ቀበሌያችን አዳራሽ ውስጥ። ያን አዳራሽ ላመሰግነው ይገባ ነበር። አላመሰግነውም።

አንድ ቀን ከዩኒቨርሲቲ አንዲት ተማሪ መጣች። ለመመረቂያዋ የቤት እመቤቶችን ልትጠይቅ ነው፤ የከተማ ሴት ከቀበሌ ሱቅ በምታገኘው እህል ቤተሰቧን እንዴት እንደምታኖር። የቀበሌውን ሊቀመንበር አስፈቀደች። እሱም እንደ ልማዱ ስብሰባ ጠራ፤ ሴቶቹን ከነባሎቻቸው ሰበሰበና በሩ ላይ ሁለት አብዮት ጠባቂዎች አቆመ።

የዚያን ጊዜ የባለቤቴ ታናሽ ወንድም እኛ ጓዳ ተደብቆ ነበር። ለብሔራዊ ውትድርና ሲያፍሱ ከአዳሚ ቱሉ አምልጦ ነው የመጣው። የኛም ቀበሌ ኮታው አልሞላለትም፤ ሊቀመንበሩ ጎረምሳ በማሽተት ላይ ነበር።

ባለቤቴ ጴንጤ ናት። እኔ አይደለሁም። ጌታን ከተቀበለች ወዲህ ውሸት ከአፏ አይወጣም። ወደ ስብሰባው ስንሄድ መንገድ ላይ ለመንኳት።

«ቤት ውስጥ ስንት ናችሁ ካሉሽ አራት ነን በይ።»

«አልዋሽም።»

«እንግዲያው ወንድምሽን አስረክቢያቸው!»

«እሱንም አላደርግም።»

«ሌላ መንገድ የለም እኮ፣ አንቺ ሴትዮ!»

«ጌታ ያውቃል።»

ጌታ እንደሚያውቅ እኔም አልጠፋኝም። የኔ ጭንቀት ሊቀመንበሩ እንዳያውቅ ነበር።

ተማሪዋ ተነስታ ስለ ጥናቷ አስረዳች። መጨረሻ ላይ፣ «መሳተፍ የማይፈልግ እምቢ ማለት ይችላል፤ ምንም አይደርስበትም። ፈቃደኛ ናችሁ?» አለች።

አዳራሹ በሙሉ እጁን አወጣ። የማይጠየቁት ባሎች ሳይቀሩ አወጣን። ከዚያ አጨበጨብን። ከላይ የመጣ ሰው ተናግሮ ሲጨርስ እጅ ራሱ ነው የሚነሳው፤ ለምደናል።

«ለምንድነው ያጨበጨብነው?» አለች ከኋላዬ አንዷ።

«ዝም ብለሽ አጨብጭቢ፤ ምክንያቱን በኋላ ይነግሩናል» አለቻት ጎረቤቷ።

ተማሪዋ ቀላች። «እንዲህ አይደለም፤ በእጅ ማውጣት አይሆንም። እያንዳንዱ ሰው ለብቻው፣ ከልቡ መፍቀድ አለበት።»

«ጓድ ተማሪ፣ በሙሉ ድምፅ አለፈልሽ እኮ! ከዚህ በላይ ምን ትፈልጊያለሽ?» አላት ሊቀመንበሩ።

«አስተማሪዬ አይቀበለኝም።»

ሊቀመንበሩ ሳቀ፤ ወንበሩን አምጥቶ ከጠረጴዛዋ አጠገብ ተቀመጠ። «ከሴቶቹ ጋር ብቻችንን ብንሆን ይሻላል» ብትለው፣ «ጠይቂ፣ እኔ አልረብሽሽም» ብሎ እግሩን አነባበረ።

ሴቶቹ ተራ በተራ ቀረቡ። ሁሉም «እሺ» እያሉ አውራ ጣታቸውን ቀለም እየነከሩ ወረቀቷ ላይ አሳረፉ። የባለቤቴ ተራ ደረሰ።

«እትዬ፣ እርስዎስ ፈቃደኛ ነዎት?»

«እምቢ ብል ምንም አይደርስብኝም?»

«ምንም።»

የባለቤቴ ፊት ሲፈታ ከተቀመጥኩበት አየሁት። የለም ያልኳትን መንገድ አገኘችው፤ ሳትዋሽም ሳትናገርም ወደ ቤቷ መሄድ።

«እንግዲያው እምቢ፣ ልጄ።»

ልጅቷ ደስ አላት! እግዜር ያሳያችሁ፣ ፈገግ ብላ «አመሰግናለሁ፣ እትዬ» አለቻት። ከዚያ ሁሉ ሕዝብ የገባት አንዲት ሰው አገኘች መሰለኝ።

ሊቀመንበሩ በሩ ላይ ወደ ቆሙት ጠባቂዎች ዞሮ አገጩን ብቻ ነቀነቀ። ከሁሉ ተለይቶ እምቢ ያለ ሰው የሚደብቀው አለው ማለት ነው። አንደኛው ወጣ። ተከትዬ ልወጣ ስል ሌላኛው ክንዴን ያዘኝ።

«ሽንቴ መጣ» አልኩት።

«ስብሰባው እስኪያልቅ ያዘው።»

ቤታችን ስንደርስ በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል። ጓዳው ባዶ ነው። ጫማውን እንኳ ሳያስጠልቁት ነው የወሰዱት።

ተማሪዋ በማግስቱ እያለቀሰች መጣች። «እኔ አንድም ቃል አልጻፍኩም፣ ጋሼ» አለችኝ። እንዳልጻፈች አውቃለሁ። ክፉ ብትሆን ኖሮ እምቢ ማለት ይቻላል ባላለችን። ደጉ ሰው ነው የማይችለውን ቃል የሚሰጥ። «ሂጂ ልጄ፣ ተመረቂ» ብዬ አሰናበትኳት። ምን ላድርጋት?

ልጁን ወደ ሰሜን ወሰዱት አሉ። ሌላ ነገር አልሰማንም፤ እስከ ዛሬም።

አማቴ ከአዳሚ ቱሉ በጭነት መኪና መጡ። ሳይቀመጡ፣ በኦሮምኛ፣ ማን ነው የጠቆመው ብለው ጠየቁ።

«ማንም አልተናገረም፣ እማዬ» አለች ባለቤቴ።

እውነቷን ነው። አማቴ ግን ልጃቸው እንደማትዋሽ እያወቁ ይህን አላመኗትም። ዞረው እኔን አዩኝ። እስኪሞቱ ድረስ ከእጄ ውሃ አልተቀበሉም።