ወደ አውድማው የመጣው አዙሪት

የዛሬ ሁለት ዓመት ጥር ላይ የሆነ ነው። ጎንደር ከተማ ጂኦግራፊ አስተምራለሁ። ስለ አውሎ ነፋስ ለተማሪዎቼ ስንት ጊዜ ተናግሬያለሁ፦ ከቆርቆሮና ከዛፍ ራቁ፤ ዝቅ ያለ ቦታ ፈልጋችሁ በሆዳችሁ ተኙ። ራሴ ላይ ሲመጣ ያደረግሁት ግን እስከ ዛሬ ይገርመኛል።

የእናቴ ታላቅ ወንድም አያ ተገኘ የሚኖረው ከአምባ ጊዮርጊስ ወጣ ብሎ፣ የአንድ ሰዓት የእግር መንገድ ላይ ነው። አንድ ቅዳሜ ልጠይቀው ሄድኩ። ሚስቱ ገበያ ወርዳ ነበር። ገብሱ ተወቅቶ፣ ገና ከገለባው ሳይለይ አውድማው ላይ ተከምሯል። አውድማ በጫማ አይገባምና ጫማዬን አውልቄ ከቆርቆሮ ቤታቸው ግድግዳ ሥር አስቀመጥኩ። የታጨደ እርሻ ቅሪቱ ስለሚወጋ ለባዶ የከተማ እግር አይሆንም፤ አያ ተገኘ አረማመዴን እያየ ሲስቅብኝ ዋለ።

ከሰዓት በኋላ ከወደ ሸለቆው አቧራ ተነሳ። መጀመሪያ ቀጭን ነበር። ከዚያ ወፈረ፣ ቅጠሉን ገለባውን እያፈሰ ከባሕር ዛፎቹ በላይ ወጣ። ድምፁ የጭነት ማኪና ዳገት ሲወጣ ይመስላል። ትንንሽ አዙሪት በየበጋው አያለሁ፤ እንዲህ ያለ ግን አይቼ አላውቅም። መጽሐፉ ወደ ቀኝም ወደ ግራም ሊዞር ይችላል ይላል። ይሄኛው ወዴት እንደሚዞር ማወቅ አማረኝና ዓይኔን አጥብቤ ቆምኩ።

አያ ተገኘ ሸራ ይዞ ገብሱን ሊያለብስ ይጣደፋል። "ልጄ፣ ቦዩ ውስጥ ግቢ" አለኝ። ክረምት ጎርፍ የሚወርድበት ቦይ ጥቂት እርምጃ ቢሆን ነው። እኔ ግን በታጨደው እርሻ ላይ በባዶ እግሬ መሮጥ ፈራሁና ወደ ጫማዬ በረርኩ። ወደ ቆርቆሮው ቤት ማለት ነው።

ግድግዳው ጋ ሳልደርስ አንድ እጅ ከኋላ ነጠላዬን ይዞ ጎተተኝ። አያ ተገኘ ነበር። ቦዩ ውስጥ ጣለኝ፤ እሱም አጠገቤ ተደፋ። "በስመ አብ" ይላል ደጋግሞ። አፌ አፈር ሞላ። በዚያ መሃል እንኳ አዙሪቱን ለማየት ቀና አልኩ። ጭንቅላቴን በመዳፉ ወደ መሬት ተጫነው።

"ምነው፣ ቆርቆሮ ሲበር አንገት አይመርጥም" አለኝ።

ነፋሱ ሲያልፍ ተነሳን። ከጣሪያው ሁለት ቆርቆሮ ተገንጥሏል። አንዱ ጫማዬ የነበረበት ቦታ ላይ መሬት ውስጥ ተሰክቶ ቆሟል። እዚያው ተቀመጥኩ።

ድንጋጤ ይሁን አመል እንጃ፣ "አያ፣ ወዴት ነበር የሚዞረው? አይተኸዋል?" ብዬ ጠየቅሁት።

"የሚዞርበትን እንጃ፤ የሄደው ግን ወደ ገብሴ ነው" አለ።

ያን ጊዜ ነው ዘወር ብዬ ያየሁት። ሸራው አጥር ላይ ተንጠልጥሏል። ከክምሩ ግማሹ እንኳ አልቀረም። እኔን ሊይዝ ሲሮጥ ሸራውን ጥሎት ነው። እንባዬ መጣ፤ ይቅርታ ልለው ስጀምር አቋረጠኝ።

"ተይው። ገብስ ለዓመቱ ይዘራል። እናትሽን ግን ምን ልላት ነበር?"

ጀንበር እስክትጠልቅ የተበተነውን አብሬው ለቀምኩ።

አሁንም ያንኑ ትምህርት አስተምራለሁ። ተማሪዎቼ "ቲቸር፣ አንቺ አይተሽ ታውቂያለሽ?" ሲሉኝ የጫማዬን ነገር ሳልደብቅ እነግራቸዋለሁ። አዙሪቱ ወዴት ይዞር እንደነበር ዛሬም ማወቅ ያምረኛል። ከዚያ ይልቅ ግን አያ ተገኘ ሸራውን የለቀቀበትን ቅጽበት ባየሁ እላለሁ። እኔ ጀርባዬን ሰጥቼ ወደ ጫማዬ እየሮጥኩ ነበር።