አጥንት ቆጥረን የመረጥነው እንደራሴ

እናቴ እርሻዋን ያጣችው በምርጫ ነው። በድርቅ አይደለም፤ ጎርፍ ወስዶባትም አይደለም። የሕዝብ እንደራሴ መረጠች፣ እልል ብላ መረጠች፣ የመረጠችው ሰው እርሻዋን ወሰደው። ይህን ስናገር የሚስቅ ሰው አይጠፋም። እኔን ግን እስከ ዛሬ አላሳቀኝም።

እርሻው ከአምባ ጊዮርጊስ ወረድ ብሎ፣ ከደብራችን ግርጌ ያለ ጥቁር መሬት ነው። እናቴ ከአባቷ ያገኘችው ርስት ነበር። አባቴ ከሞተ ወዲህ ለእኩል አራሽ ሰጥታ ታሳርሰው ነበር፤ ገብሱም ባቄላውም ከዚያ ነው የሚገባልን። እኔም ጎንደር አራዳ ካገባሁት ልብስ ሰፊ ተፋትቼ ስመለስ የተጠጋሁት ያንኑ መሬት ነው። ሁለት ሴቶች ነን። ያ እርሻ ካለ እንኖራለን፣ ከሌለ የሰው ደጅ እንጠናለን።

ምርጫ የሚባለው ነገር ወገራ ሲደርስ ሰው ግራ ገባው። እኛ ሹም ሲሾምብን እንጂ ሹም ስንሾም አናውቅም። ሴትም ትመርጣለች ሲባልማ ወንዶቹ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። ፓርቲ የሚባል ነገር በአገሩ አልነበረም፤ ተወዳዳሪው ሁሉ ራሱን ችሎ ይቆማል። ማንበብ ለማይችለው ሰው ሲባልም ለእያንዳንዱ ተወዳዳሪ አንዳንድ ምልክት ተሰጠው።

በእኛ በኩል ስማቸው የተነሣ ሁለት ናቸው። አንደኛው ምልክቱ በሬ ነው፤ ጎንደር የሚኖር ባለማዕረግ፣ አራዳ ላይ የሚያከራያቸው ቤቶች ያሉት፣ ደንቢያ ላይ ሰፊ መሬት የሚያሳርስ። ያኔ ጌታው እያልን አንቱ እንለው ነበር፤ ዛሬ አንተ ብለው ምላሴ አይቆረጥም። የሁለተኛው ጃንጥላ ነው፤ አምባ ጊዮርጊስ ገበያ ላይ እህል የሚገዛ ነጋዴ። ትውልዱ ከጭልጋ ነው፤ ሊያዋርደው የፈለገ ሁሉ “ይሄ ቅማንት” ይለዋል። በዚያ ገበያ ግን ገብስ ሲሰፍር እህሉ እንዲጠቀጠቅ ቁናውን በእግሩ የማይነቀንቅ እሱ ብቻ ነበር።

ገበያተኛው ሁለቱን ሲያማርጥ ሰነበተ። እህል ይዘን ተራ በምንጠብቅበት ሁሉ ወሬው ይኸው ነው። “በሬስ ቢሆን ያርሳል፤ ጃንጥላ ምን ያረጋል?” ይላል አንዱ። “ከዝናብ ያስጠልላላ!” ትላለች አንዷ። “ዝናቡን ከከለከለማ ምኑን ልንዘራ ነው?” ይልና ገበያው በሳቅ ይፈርሳል። እንዲህ ነበር የምናወዳድራቸው። ሰውየው ምን ሠርቶ ያውቃል፣ ለማን ቆሞ ያውቃል ብሎ የሚጠይቅ ሰው ብፈልግ አጣሁ። አራዳ የሳለው ምላስ አለኝና ራሴ ሄጄ ነጋዴውን ጠየቅሁት።

“አያ፣ ብትመረጥ ምን ታረግልናለህ?”

ቁናውን አስቀምጦ አየኝ። “ልጄ፣ እኔ የማውቀው አንድ ነገር ነው። ሰው በመሬት ተካሶ ለይግባኝ ጎንደር ሲመላለስ ስንቁ ከመሬቱ ይበልጣል። ድኻው በፍርድ ሳይሆን በመንገድ ብዛት ነው የሚረታ። ይግባኙ እዚሁ ይታይ ብዬ እጮኻለሁ። ይሰሙኛል ብዬ ግን አልምልልሽም።”

ማታውን ለእናቴ ነገርኳት። “ሸጋ ሰው ነው፤ እኔስ መች ጠላሁት” አለች። “ግን አጥንቱን ማን ያውቀዋል?”

ይህ አጥንት የሚሉት ነገር ነው ያረደን። በአገራችን መሬት የሚገኘው በትውልድ ነው። አገሩን መጀመሪያ ካቀናው አባት፣ በአባቱም ሆነ በእናቱ በኩል ቆጥሮ የሚደርስ ሁሉ ከመሬቱ ድርሻ አለው። ስለዚህ ትውልድ የሚቆጥር ሽማግሌ ከዳኛም በላይ ይፈራል፤ እሱ “ይደርሳል” ያለው ባለርስት ነው፣ “አይደርስም” ያለው እንግዳ ነው። የእኛ ቆጣሪ የእናቴ አጎት፣ የአባቷ ወንድም ነበር። ዓይኑ ፈዞ እንኳ የዚያን ሁሉ ዘመን ትውልድ ሳይደናቀፍ ያወርደዋል። እና አጥቢያው ምን አለ? ለመሬት የምንቆጥረውን አጥንት ለምርጫም እንቆጥራለን አለ። ሞኝ የሌለበት አገር የለም። ይቺ ሞኝነት ግን የእኛ የብቻችን ናት።

ጌታው ይህን ሳይሰማ አልቀረም። አንድ እሑድ ቅዳሴ ወጥቶ፣ ሰንበቴ ቤት ዳቦውና ጠላው ቀርቦ ተቀምጠን ሳለ ማኪናውን ከቅጥሩ ውጭ አቁሞ መጣ። ነጠላውን መስቀለኛ አጣፍቶ ቤተ ክርስቲያኑን ተሳለመ፤ ከሽማግሌዎቹ እግር ሥር ካልተቀመጥሁ ብሎ ታገለ። ስለ ፓርላማ አንድ ቃል አልተናገረም።

“እናቴ ከመሞቷ በፊት ወገራ ዘመድ አለህ ብላኝ ነበር” አለ። “ድምፅ ልለምን አልመጣሁም። ዘመዶቼን ላውቅ ነው። ቁጠሩኝ፤ ብደርስ እሰየው፣ ባልደርስ እንግዳችሁ ሆኜ እሄዳለሁ።”

ለቆጣሪ እንዲህ ማለት ለአዝማሪ መሰንቆ እንደማቀበል ነው። አጎታችን ጉሮሮውን ጠረገና ጀመረ። አቅኚውን አባት አነሣ፣ ልጆቹን አወረደ፣ ከሴቶቹ ልጆች አንዷን ወደ ደንቢያ ዳራት፤ ከዚያ ልጅ በልጅ እያወረደ መጥቶ ጌታው ላይ ቆመ። “ይደርሳል! የእኛው አጥንት ነው!” አለ። ሰንበቴ ቤቱ ተናጋ። ጌታው ተነሥቶ የሽማግሌውን ጉልበት ሳመ። ሴቶቹ እልል አሉ፤ ከሁሉ በላይ የሚሰማው የእናቴ እልልታ ነበር።

አጠገቧ ነበርኩ። “እማ፣ ምነው? ምን አረገልሽና ነው?” አልኳት።

“ዝም በይ! ወንድም አገኘሁ እኮ። ነገ አንዱ ቢገፋኝ ጎንደር ሰው አለኝ እላለሁ።”

አንድ ሽማግሌ ሰምቶን ኖሮ “ዘመድ ከዘመዱ፣ አህያ ከአመዱ ነው ልጄ” አለኝ፤ ምክር መስጠቱ ነው። አመዱ ማን ላይ እንደሚቦን አልታሰበውም።

የምርጫው ዕለት አጥቢያው በሙሉ ለበሬው ሰጠ። ነጋዴው ተሸነፈ። በሚቀጥለው ገበያ ቁናውን ይዞ እንደ ወትሮው ተቀመጠ፤ ማንንም አልወቀሰም። የመረጡትም የካዱትም እህላቸውን ለእሱ ሸጠው ገቡ።

ክረምቱ ወጥቶ፣ ገብሱ ሳይታጨድ የእንደራሴው ነገረ ፈጅ መጣ። ምስጋና ይዞ የመጣ መስሏት እናቴ ጠላ ቀዳችለት። ጠጥቶ ሲጨርስ ነው ነገሩን ያወጣው። እንደራሴው ከአቅኚው አባት ርስት የሚደርሰው ድርሻ እንዲከፈለው ለአጥቢያ ዳኛው አመልክቷል። ምስክሮቹ ማን ናቸው ብንል፣ እኛው ነን። ሰንበቴ ላይ የነበረው ሰው ሁሉ ሰምቷላ!

ዳኛው አጎታችንን ጠርቶ በወንጌል አስማለው። ቆጥረህለታል? ቆጥሬለታለሁ። ይደርሳል? በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ ያወረደውን አጥንት እንዴት አድርጎ ይካደው? “ይደርሳል” አለ። ከችሎቱ ስንወጣ መንገዱን ዘጋሁበት።

“አያ፣ ምነው እንዲህ ታረገናለህ? እንደራሴ ምረጡ አሉን እንጂ ወራሽ ምረጡ መች አሉን?”

“እኔ አልዋሸሁም ልጄ። ቆጠራዬ አንድ እንኳ አልተፋለሰም” አለኝ። ይህን ሲል ደረቱን ነፋ አድርጎ ነበር። እውነት ተናግሮ የወንድሙን ልጅ ገደል የከተተ ሽማግሌ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አላየሁም።

እስቲ የቀረውን ስሙ። ድርሻው ይከፈለው ተባለ። ከማን ይከፈል? አጥቢያው ሁሉ መርጦታል፣ አጥቢያው ሁሉ እልል ብሎለታል፤ ወጉ ቢሆን ከእያንዳንዱ ትንሽ ትንሽ መቆረስ ነበረበት። ዘመዶቻችን ግን ተቀምጠው መከሩና “ለእንዲህ ያለ ጌታ መሬት ተሸራርፎ አይሰጥም፤ ነውር ነው፤ ካንድ ቦታ ይሁን” አሉ። ያ አንድ ቦታ የእናቴ እርሻ ሆነ። “አንቺ ሴት ነሽ፣ ራስሽ አታርሽው። እኛ እንረዳሻለን” አሏት። ወንድ የሌለበት ቤት እንዲህ ነው፤ ነውሩም ወጉም ዞሮ ዞሮ እሱ ላይ ያርፋል።

መሬቱ ሲለካ ገመዱን ይዘው ወዲያና ወዲህ የሚሉት ከእናቴ ጋር አንድ ጽዋ የሚጠጡ ሰዎች ነበሩ። ከመካከላቸው አንዱ፣ በሰንበቴው ከሁሉ በላይ “ወንድማችን” እያለ ሲጮኽ የነበረው፣ በዓመቱ ያንኑ መሬት ለእንደራሴው በእኩል ሲያርስ አየሁት። “እንረዳሻለን” ካሉት አንድ ሰው እንኳ አንድ ቁና ገብስ ይዞ ደጃችንን አልረገጠም። እረግማቸዋለሁ። አብዛኞቹ ሞተዋል፤ ሞተውም እረግማቸዋለሁ።

ይግባኝ ብለን ጎንደር ወረድን። ተመላለስን፤ እናቴ ጥጥ ፈትላ የምታገኘው ሁሉ መንገድ ላይ አለቀ። በመጨረሻ ዳኞቹ የራሳችሁ አጎት መስክሮ ምን ትላላችሁ ብለው ፍርዱን አጸኑት። ከፍርድ ቤቱ ግቢ ልንወጣ ስንል እንደራሴውን አገኘነው። አፍሮ የሚያልፈን መስሎኝ ነበር። እሱ ግን እናቴን እቅፍ አድርጎ ሳማት!

“እትዬ፣ አይክፋሽ። ርስት በሺህ ዓመቱ ለባለቤቱ ይባል የለ? ዘመድ ተካሶ ተመልሶ አብሮ ይበላል” አላት።

እናቴ መሬት መሬት አየች። እኔ ግን አልቻልኩም። “ያ የጭልጋ ሰው ቢመረጥ ኖሮ እስከ አዳም ቢቆጥር ከመሬታችን አንድ ትልም አይደርሰውም ነበር!” ብዬ ጮኽሁ። ዘበኛው ክንዴን ይዞ ጎትቶ አስወጣኝ። እንደራሴው ከአጃቢዎቹ ጋር ይስቅ ነበር። ይሳቅ፤ እውነቱ ያ ነበር። አጥንቱ አይታወቅም ብለን የጣልነው ሰው፣ ሊቀማን የማይችለው እሱ ብቻ ነበር።

በአራት ዓመቱ ሁለተኛው ምርጫ መጣ። በሬውም ጃንጥላውም እንደገና ቆሙ። አሁንስ ዓይናቸው ተገልጧል ብዬ ገበያ ወጣሁ። ሰዉ ያማርጣል፤ እንደ በፊቱ የሚቀልድ ግን የለም፤ በጆሮ ነው የሚያወሩት። “ጃንጥላው ሸጋ ነው” ይላል አንዱ። “ግን በሬው ቢወድቅ የት ይሄዳል? ከአዲስ አበባ ተመልሶ እዚሁ እላያችን ላይ ሊቀመጥ ነው። የቀረንን ሲያስቆጥር ሊውል ነው።” ሌላው ደግሞ “እንምረጠውና እዚያው ይቅር” ይላል። ይህን የሚሉት ገመድ የያዙት ሰዎች ናቸው። የሴቲቱ መሬት አልቋል፤ ቀጥሎ የማን እንደሆነ አሁን ገብቷቸዋል።

እኔ ጃንጥላውን መርጬ ወጣሁ። እናቴም ከኋላዬ ገብታ መረጠች። ስንመለስ በደብሩ ግርጌ ስናልፍ፣ ያንን እርሻ ላለማየት ፊቷን ወደ ዳገቱ አዙራ ትሄድ ነበር። እንደዚያው እንዳለች “ማንን መረጥሽ?” አለችኝ።

“ጃንጥላውን ነዋ። አንቺስ?”

ቆመች። ነጠላዋን አፏ ላይ ያዝ አድርጋ ሰው እንደሌለ ኋላዋን አየች።

“ምነው ልጄ፣ አብደሻል? ያኛው ተሸንፎ ቢመጣ ይችን የቀረችኝን ጓሮ ማን ያስጥልልኛል?” አለችኝ። “እኔስ በሬውን መረጥሁ። ዕድሜ ይስጠው፤ እዚያው ያቆይልኝ።”