ጨው ያነሰው ጥቁር

ባለፈው ሳምንት ከሮቢት ወደ ቆቦ በሚኒባስ ስመጣ አጠገቤ የተቀመጠችው ሴት ገና በወጉ ያልደረቀ ጥቁር ቀሚስ ለብሳ ነበር። ለቀብር ተቻኩላ ላይዋ ላይ እንዲደርቅ የተወችው ይመስለኛል። ሙቀቱ ሲበረታ ከቀሚሷ የተቀቀለ ጨርቅ፣ የጨውና የጭስ ሽታ ተነሣ። መስኮቱን ልከፍት እጄን ስዘረጋ ነካኋትና ነጩ እጅጌዬ ላይ ጥቁር ቀረ።

"ውይ በሞትኩት! አበላሸሁሽ" አለችኝ።

"ኧረ ምንም አይደል፣ እግዜር ያጥናሽ" አልኳት። ከዚያ በኋላ እስከ ቆቦ መናኸሪያ ድረስ ልቤ እትዬ ለተ ግቢ ውስጥ ነበር።

እትዬ ለተ ሐዘን ለገባው ሰው ልብስ ጥቁር የምትነክር ጎረቤታችን ነበረች። የሚለየን አንድ የቁልቋል አጥር ነው። እናቴ ስለ እሷ ስታወራ "ከወደ አላማጣ ጥቁር እንግዳ ሆና ነው የመጣችው" ትል ነበር። እኔ ታዲያ ግራ ይገባኛል። እትዬ ለተ ቀይ ናት እኮ! አንድ ቀን ይህንኑ ብጠይቅ እናቴ በሳቅ ፈረሰች። "ማንም የማያውቃት ለማለት ነው፣ አንቺ ሞኝ!" ወንድሜ ሲሳይ ቀበል አድርጎ "የቤታችን ጥቁር እንግዳስ አንቺ ነሽ" አለኝ። ከሁሉም ጠቆር ብዬ፣ እሱ ካደገ በኋላ ሳልታሰብ የመጣሁ ነኛ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እሱም እናቴም "ጥቁሬ" አሉኝ፤ በእውነተኛ ስሜ የሚጠራኝ አስተማሪ ብቻ ሆነ።

እትዬ ለተ ፊቷ ቀይ ይሁን እንጂ እጇ እስከ ክንዷ ጥቁር ነበር። መስከረም ሲመጣ ያለቀ የባትሪ ድንጋይ ከቅጠል ጋር ወቅጣ የትምህርት ቤታችንን ጥቁር ሰሌዳ የምታጠቁረውም እሷ ናት። እናቴ "ጥቁር" የምትለውን እሷ "ጸሊም" ትለዋለች፤ የቆላው ሽማግሌዎች "ጉራቻ"፣ ለገበያ የሚመጡት አፋሮች ደግሞ "ዳታ" ይሉታል። እሷ ሁሉንም ትሰማለች። ሁሉም የሚገባው አንድ በርሜል ውስጥ ነው። ውሃው ሲንተከተክ የዱቄት ቀለሙን ትበትናለች፣ ከዚያ ከአፋር ግመል የወረደ ጨው ሁለት እፍኝ ትጨምራለች።

"ጓለይ፣ ልጄ፣ ጨው ካልገባ ጥቁሩ አይይዝም" ብላኛለች። "ባጠብሽው ቁጥር ይሄዳል።"

አምስተኛ ክፍል ሳለሁ ሲሳይ ወደ ሳዑዲ ብሎ በበረሃ ሄደ። ባሕሩን አልተሻገረም። አብሮት የነበረ የሰፈር ልጅ ደውሎ ነገረን። ከመሄዱ በፊት ሽንኩርት እርሻ ላይ ሠርቶ ባገኘው ገንዘብ ለእናቴ ቢጫ አበባ ያለው የጥጥ ቀሚስ ገዝቶላት ነበር። እናቴ ያንኑ ቀሚስ አንሥታ "ከእንግዲህ ለማን ብዬ ነው የማጌጥበት" አለችና ወደ እትዬ ለተ ወሰደችው። ተከትያት ሄድኩ። አበባው በርሜሉ ውስጥ ሲሰጥም አየሁ። የእትዬ ለተ እጅ ወደ ጨው ጣሳው ሄደ፣ መንገድ ላይ ቆመ፣ ተመልሶ እንባዋን ጠረገ። ረስታው መሰለኝ። ላስታውሳት አፈርኩ።

ዓመቱ ወጣ፣ ተዝካሩም ተበላ። ቄሱም ጎረቤቱም "ይብቃሽ፣ አውልቂው" ብለው ለመኗት። እምቢ አለች። ልብሱስ ይሁን፣ እኔን ያቃጠለኝ ሌላ ነው። ሲሳይ ከሞተ ወዲህ ጥቁሬ ብላ ጠርታኝ አታውቅም። እንጀራ ታቀርብልኛለች፣ ጸጉሬን ትሠራኛለች፣ ዓይኗ ግን እኔ ላይ አያርፍም። እኔም አለሁ እኮ! ብዬ ልጮህ ምንም አይቀረኝም ነበር።

ቀሚሱ መደብዘዝ ሲጀምር እናቴ እንደገና ልታስነክረው ሄደች። እትዬ ለተ ግቢ አንዲት የአፋር እናት ተቀምጣለች፤ በርሜሉ ይፈላል።

"ዛሬ ጥቁር የለም፣ ሐረግ" እናቴን አለቻት እትዬ ለተ፣ ቀለም የሚያንጠባጥብ እጇን እያራገፈች።

"ይሄ ታዲያ ምንድን ነው?"

"ይሄማ የሙሽራ ነው! ልጇ ልታገባ ነው፣ ሻሿን እየነከርኩላት ነው። እነሱ ዘንድ ጥቁር የምታስር ያገባች ናት። ሠርግ ላይ ሐዘን አልጨምርም።"

"ነገስ?"

"ነገም የሙሽራ ነው።"

እናቴ ቀሚሷን ነጥቃ ወጣች። ከዚያ ወዲያ ለወራት ሰላምታ እንኳ ተከለከለ፤ ሁለቱም በአጥሩ ግራና ቀኝ ሆነው ሳል ብቻ ይለዋወጣሉ።

አንድ ቅዳሜ ልብስ እያጠብን ነው። እናቴ ያንን ቀሚስ ከሳፋው አውጥታ ወደ ፀሐይ ዘረጋችው። ከደበዘዘው ጥቁር ስር አበባዎቹ ወጥተዋል፣ ቢጫቸው ፈዘዝ ብሎ፣ ግን እነሱው ናቸው።

"ሲሳይ እኮ ነው የገዛልኝ" አለች። ከሞተ ወዲህ ስሙን ከአፏ ስሰማ ያ የመጀመሪያዬ ነበር። ከዚያ ዞር ብላ አየችኝ፣ እንደ ድሮው። "ጥቁሬ፣ ነይ እስቲ። ይሄ አበባ ነው ወይስ ዓይኔ ነው?"

"አበባ ነው" አልኳት። እርጥብ እጇን አንገቴ ላይ ጣለች፤ አለቀስን፣ እስኪወጣልን።

ኋላ እናቴ ወደ አጥሩ ቀና ብላ ተጣራች። "አንቺ ለተ! ጨዉን ረስተሽዋል አይደል?"

ከወዲያ ማዶ እትዬ ለተ መለሰች። "እርጅና ነው፣ ሐረግ! እረሳለሁ!"

ያኔ እትዬ ለተ ገና አርባ ዓመት አልሞላትም ነበር።

ዛሬ እሷ የለችም። ወደ ወገኖቿ ሄዳ እዚያው አረፈች። በርሜሏን እኛ ግቢ ትታው ሄደች፤ ዝገት በልቶታል፣ እናቴ ግን እንዳንጥለው ከልክላናለች። ባለፈው ሳምንት ቤት ስደርስ የእጅጌዬን ነገር ወዲያው አየችው። ውሃ አስመጥታ፣ አንድ ጊዜ ብቻ አሸት አደረገችው። ለቀቀ።

"ማን ነው የነከረላት?" አለችኝ።

"እኔ እንጃ። አንዲት ሐዘንተኛ ናት።"

እናቴ እጅጌዬን አገላብጣ አየችው።

"ጨው አሳንሰውላታል" አለች። "እሰይ።"