ቀዩ ውሃ የቆመበት ግድግዳ

ጦርነቱ ሳይመጣ በሱዳን ዋና ከተማ፣ ጀሪፍ በሚባል ሰፈር ውስጥ የምንኖርበት መንገድ ዝናብ በጣለ ቁጥር ኩሬ ይሆን ነበር። እኔ አል-ማንሺያ የሚባል ሰፈር ሰው ቤት እየሠራሁ፣ አንድ ሱዳናዊ ግቢ ጥግ ላይ ያለች የጭቃ ክፍል ተከራይቼ እኖራለሁ። ኢቃማዬ፣ የመኖሪያ ፈቃዴ፣ ጊዜው አልፎበት ስለነበር የፖሊስ መኪና ባየሁ ቁጥር መንገድ እቀይራለሁ።

በዚያ ሰሞን አንዲት የዩኒቨርሲቲ መምህርት ከተማሪዎቿ ጋር መጣች። የሰፈሩን የውሃ መውረጃ ከነዋሪው ጋር ሆነን እንመርምረው፣ አብረንም እናስተካክለው እያለች በየበሩ ዞረች። እኔ በር ላይ ስትደርስ ወደ ውስጥ ልሸሽ ነበር።

«ያ ኡስታዛ፣ እኔ የዚህ አገር ሰው አይደለሁም» አልኳት።

«ውሃው ቤትሽ አይገባም?»

«ይገባል።»

«እንግዲያው ነይ። ስምሽን አልጠይቅም፣ ፎቶም አናነሳም።»

አርብ ከጁምዓ ሶላት በኋላ ሁሉም ወጣ። ከመንገዱ ማዶ የሚኖሩት ባልቴት፣ ሐጃ የምንላቸው፣ የምናፈሰው ውሃ በቀለሙ እንዲለይ በትልቅ ድስት ከርከዴ አፍልተው ነበር። ቀዩን ውሃ ከመንገዱ ራስ አፍስሰን መሄጃውን ተከተልነው። በቦዩ ጥቂት ከወረደ በኋላ እኛ ግቢ ደረሰ፤ እኔ ክፍል ግድግዳ ሥር ሲደርስ ቆመና መስፋት ጀመረ።

ለካ ክፍሌ የተሠራችው አሮጌው ቦይ ላይ ኖሯል። አከራዬ እኔን ሳያየኝ «ኸላስ፣ በቃ፣ እናፈርሳታለን። ሐበሻዋ ሌላ ቦታ አታጣም» አለ።

ያለ ኢቃማ ማን ያከራየኛል?

«እሷም የሰፈሩ ሰው ናት፤ እንጠይቃት እንጂ» አለች መምህርቷ።

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። የማውቀው ዐረብኛ ሁሉ ጠፋብኝ። በጣቴ ወደ ማዶ እያሳየሁ «ውሃውን በዚያ በኩል ማዞር አይቻልም?» አልኩ። ወዴት እንዳመለከትኩ የገባኝ ከተናገርኩ በኋላ ነው። የሐጃ መስጠባ ነበር፤ ሟች ባላቸው በእጃቸው የሠሩት፣ ሐጃ ማታ ማታ የሚቀመጡበት የጭቃ መደብ። ባዶ ድስታቸውን አንስተው ገቡና በሩን ዘጉ።

ከዚያ ወዲያ እህል አልበላ አለኝ። ጠዋት ስወጣ ሰላም እላቸዋለሁ፤ ይመልሳሉ፣ ግን እንደ ወትሮው አያቆሙኝም። አንድ ቃል ለፖሊስ ቢናገሩብኝ አበቃልኝ እያልኩ፣ ከሥራ ስመለስ መጀመሪያ ከመንገዱ ጥግ ሆኜ ሰፈሩን አያለሁ። ተማሪዎቹ ደግሞ በዚያው ሳምንት ከጎረቤቶች ጋር ገመድ ወጥረው ለኩ። መስጠባው ከተነሳ ክፍሌ ሳትፈርስም ውሃው ይሄዳል አሉ።

ለሁለተኛው ስብሰባ ሐጃ የራሳቸውን ግቢ ከፈቱ። እንደማይጠሩኝ እርግጠኛ ነበርኩ፤ ራሳቸው መጥተው ጠሩኝ። ሰው ከተሰበሰበ በኋላ ተነሱ።

«ቅር ብሎኛል፣ አልዋሽም» አሉ። «ባሌ መስጠባውን የሠራው ሰው እንዲቀመጥበት ነው። ውሃ በተኛበት ማን ይቀመጣል? ይፍረስ። ግን የቦዩን መደገፊያ ጡብ አከራይዋ ያመጣል። ቁፋሮውም እሷ ግቢ ላሉት የሐበሻ ልጆች ብቻ አይተውም፤ ሁላችሁም ትቆፍራላችሁ።»

አከራዬ አጉረመረመ፣ ግን እሺ አለ። እኛ ግቢ የነበሩት፣ ወደ ሊቢያ ለማለፍ በቀን ሥራ የሚኖሩ የሐበሻ ልጆች «በፖሊስ ሊያስይዙን ነው» ብለው ፈርተው ነበር። የሐጃን ቃል በአማርኛ ስነግራቸው ግን አካፋ ይዘው ወጡ። ከሰፈሩ ሰዎች ጋር መስጠባውን አፍርሰው ቦዩን በዚያ በኩል አጥፈው ቆፈሩ፤ ከቆፋሪዎቹ አንዱ አከራዬ ነበር።

የመጀመሪያው ከባድ ዝናብ ከሰዓት በኋላ ጣለ። ፍራሼን ጠረጴዛ ላይ ጭኜ፣ ልብሴን አቅፌ ግድግዳውን አፍጥጬ እጠብቃለሁ። ውጭ ጩኸት ስሰማ የፈረሰ ነገር ያለ መሰለኝ።

«ያላ፣ ውጪ! ምን ትሠሪያለሽ?» ሐጃ ነበሩ።

ፈራ ተባ እያልኩ ወጣሁ። ደፍራሹ ውሃ መታጠፊያው ጋ ሲደርስ ትንሽ ተንገዳገደና ዞሮ ወረደ። ሐጃ ክንዴን ይዘው «አልሐምዱሊላህ» አሉ። የግድግዳዬ እግር ረጥቦ ነበር፤ ግድግዳው ግን አልፈረሰም።

ዝናቡ ሲያባራ መምህርቷ መጥታ ቦዩ ውስጥ የሚጠራቀመውን ደለል ማን እንደሚጠርግ ጠየቀች። ሐጃ «የዚህን ጥግ እኔና እሷ» አሉ። ያን ክረምት አብረን ጠረግን። እኔ ግን ሰማዩ በጠቆረ ቁጥር ፍራሼን ማንሳቴን አልተውኩም።