እኔን የማይባልበት ኮረብታ

ለሦስተኛ ጊዜ የወደቅሁት በጎኔ ነው። ግራ ክንዴ ከሥሬ ገብቷል፣ እግሮቼ ወደ ቁልቁለቱ ተዘርግተዋል፣ ኮፍያዬ ዓይኔ ላይ ወርዷል፣ በረዶው በአንገቴ ገብቶ ወደ ጀርባዬ ይወርዳል። ሰማያዊ ልብስ የለበሰ አንድ ሰው በአጠገቤ ሲንሸራተት ፍጥነቱን ቀነስ አደረገና በስዊድንኛ «ደህና ነሽ?» አለኝ። እኔም እንደ ሞኝ «ደህና ነኝ» አልኩት። አመነኝና ሄደ።

እንዴት ያምነኛል? ሰው መሬት ላይ ተዘርሮ ደህና ነኝ ቢል ይታመናል? እኔ ባደግሁበት ሰፈር አንድ ሰው ድንጋይ አደናቅፎት ቢንገዳገድ እንኳ ከየሱቁ በር «እኔን!» ይባላል። የሚያውቀውም የማያውቀውም ይላል። ከወደቀማ ገና አቧራውን ሳያራግፍ ሁለት ሰዎች ብብቱ ሥር ገብተው አቁመውታል፤ ሦስተኛው የወለቀ ጫማውን ይዞለት ይመጣል። እዚህ ኮረብታ ላይ ግን የሚያልፈው ሁሉ ጨዋ ነው፣ የሚያልፈው ሁሉ ይጠይቃል፣ እጁን የሚዘረጋ ግን አንድም የለም። ንዴቴ ከብርዱ በለጠ።

በአርባ ዓመቴ እዚያ ምን ልሠራ እንደ ወጣሁ ልናገር። ጊዜው በአውሮፓውያን አቆጣጠር የሁለት ሺዎቹ መጀመሪያ ነው። የምንኖረው ከስቶክሆልም በስተሰሜን፣ ኡፕላንድስ ቬስቢ ነበር። ልጄ ዐሥር ዓመቷ ነው። ትምህርት ቤቷ በየዓመቱ በረዶ ሲጥል ተማሪውን ሁሉ ለአንድ ቀን በበረዶ ላይ ወደሚንሸራተቱበት ወደ ስኪ ኮረብታ ያወጣል። በዚያ ዓመት አብረው የሚሄዱ ወላጆች ይፈለጋሉ የሚል ወረቀት ላኩ። ፈረቃዬን ከሥራ ባልደረባዬ ጋር ተቀያየርኩና ወረቀቱን ሞልቼ፣ ፈርሜ ለልጄ ሰጠኋት። ከአንድ ሳምንት በኋላ ከቦርሳዋ ሥር ከሙዝ ልጣጭ ጋር ተጨማድዶ አገኘሁት።

«ምነው?» አልኳት።

እኔ በአማርኛ እጠይቃለሁ፣ እሷ በስዊድንኛ ትመልሳለች፤ ቤታችን እንዲህ ነበር። «መንሸራተት አትችዪም። ትወድቂና ትጮሂያለሽ፤ ክፍሉ ሁሉ ያየኛል» አለች።

የምወድቀው እኔ፣ የምትታየው እሷ! ልቆጣት አስቤ ነበር፤ ግን አልቻልኩም። በዚያ ዓመት ጠዋት ስሸኛት፣ የትምህርት ቤቱ በር ሳይታይ ገና ከአውቶቡስ ፌርማታው ላይ «እዚህ ይበቃል፣ ተመለሺ» ማለት ጀምራ ነበር። ዛሬ ፌርማታው ላይ ካስቆመችኝ ነገ የት እንደምታስቆመኝ እያሰብኩ እንቅልፍ አጥቻለሁ። ይህን አንድ ቀን ከከለከለችኝ ሌላ ቀን እንደማትጠይቀኝ አውቄዋለሁ። ስለዚህ ተደራደርኩ።

የኮረብታው ቀን ሐሙስ ነው፤ ከዚያ በፊት ሦስት ቅዳሜዎች ነበሩን። በሦስተኛው ቅዳሜ ወድቄ ያለ ማንም እርዳታ ከተነሣሁ ወረቀቱ ለአስተማሪዋ ይሰጣል፤ ካልተነሣሁ ይቀደዳል። አትውደቂ አላለችኝም። መነሣት ብቻ። እኔም ይሄማ ምን አላት ብዬ እጇን መታሁ።

ስኪቦርድ የሚባለውን የመረጥኩት ራሴ ነኝ፤ ማንንም አልወቅስም። አሮጌ ዕቃ ከሚሸጥበት ቤት አገኘሁት። ከክንዴ ብዙም የማይረዝም፣ ዱላ የሌለው፣ በየእግሩ የሚታሰር አጭር ስኪ ነው። አጭር ስለሆነ የጀማሪ መሰለኝ። ረጅሙን ስኪ የሚያደርጉት ሰዎች ሲወድቁ ዱላቸውን ተክለው ይነሣሉ፤ ክፉኛ ከወደቁም ስኪው ራሱ ከጫማቸው ይለቃል። የእኔ አይለቅም። ስወድቅ አብሮኝ ይወድቃል፣ ስጠማዘዝ አብሮኝ ይጠማዘዛል፣ ልነሣ ስል ደግሞ ጥሎኝ ሊሄድ ወደ ፊት ይሸሻል። የምደገፈው በረዶ ብቻ ነው፤ በረዶ ደግሞ ምን ይደገፉታል!

እንግዲህ በዚያ በመጀመሪያው ቅዳሜ ተዘርሬ ሳለሁ ነው ከታች «እኔን! እኔን እህቴ!» የሚል ድምፅ የመጣው። አንገቴን ቀና አደረግሁ። ስቶክሆልም ዳር ካለው ከዩልስታ ሰፈር ልጆቹን በረዶ ሊያጫውት የመጣ አበሻ ነው፤ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ አይቼው አውቃለሁ። በቆዳ ጫማ ሽቅብ እየሮጠ ይመጣል። እውነቱን ልናገር፣ እንባዬ መጣ።

«አይዞሽ፣ አይዞሽ፣ እጅሽን ስጪኝ!»

ሰጠሁት። ሁለት እጄን ይዞ በሙሉ ጉልበቱ ሳበኝ። ስኪቦርዱ በእግሮቹ መካከል ገባና ቁርጭምጭሚቱን አለው፤ ሰውየው እንዳለ ላዬ ላይ ወደቀ። እንደ ተያያዝን ቁልቁል ወረድን። እስከ ታች ድረስ «እኔን! እኔን!» ማለቱን አላቆመም፤ ስለ እኔ ይሁን ስለ ራሱ አላወቅሁም። ወደ ላይ የሚጎትተውን ገመድ ሊይዙ የተሰለፉት ሰዎች ግራና ቀኝ ተከፍለው አሳለፉን። ከሰልፉ መካከል ልጄ ነበረች።

ስንመለስ የአውቶቡሱ ሾፌር የወረቀት ትኬታችን ላይ ማኅተሙን መታና ቁልቁል የሚንጠባጠበውን ልብሴን አየ። ልጄ ከጎኔ ተቀመጠች። ከዚያ ወደ መስኮቱ እንደ ዞረች ሕግ አወጣችልኝ። አትጮሂም። ማንም አይጎትትሽም። እኔ ስወድቅ ደግሞ እየሮጥሽ አትመጪም፣ አትነኪኝም፣ «እኔን»ም አትዪም። ይህችን አንዲት ቃል ብቻ በአማርኛ አለቻት፤ በስዊድንኛ ምን ትበላት?

«ለምን?» አልኩ።

«ስትዪው ሁሉም ሰው ዞሮ ያያል። ሁልጊዜ ነው የምትዪው። ማንኪያ ሲወድቅብኝ እንኳ ትያለሽ።»

እሺ አልኳት። እሺ ስል ግን አንድ ነገር የተወሰደብኝ ያህል ከፋኝ። ከተወለደች ጀምሮ ስል የኖርኩት ቃል ነው፤ ሳላስበው ነው ከአፌ የሚወጣው። እንዴት አድርጌ ነው የምይዘው?

በጣም የሚያበሽቀው ሥራዬ ነው። ሶልና፣ ሆስፒታል ውስጥ ረዳት ነርስ ነኝ። ከሕመም ያገገሙ ሽማግሌዎችና አሮጊቶች ከወለል መነሣትን ሲለማመዱ አጠገባቸው እሆናለሁ። ማንሣት አልተፈቀደልንም፤ የእኛም ጀርባ ይጎዳል፣ እነሱም አቅማቸውን ይረሱታል። ተንበርክከን በለሰለሰ ድምፅ እንነግራቸዋለን። በጎንዎ ይዙሩ። ክርንዎን ይደገፉ። አሁን በጉልበትዎ። ጊዜ አለን። ስዊድንኛው ሁሉንም አንተና አንቺ ቢልም፣ እኔ በልቤ እርስዎ እያልኩ ነው የምናገረው። በዚያ ሰኞ አንዲት አሮጊት ምንጣፍ ላይ በጎናቸው ተኝተው «ጊዜ አለን» ስላቸው ቀና ብለው አዩኝ።

«አንቺ ጊዜ አለሽ» አሉኝ። «እኔ ወለል ላይ ነኝ።»

ሌላ ጊዜ ቢሆን እስቅ ነበር። ያን ቀን ግን ዳሌዬ ጠቁሮ፣ ትከሻዬ አልነሣ ብሎኝ፣ በአማርኛ «እውነትዎን ነው» አልኳቸው። ለስንት ዓመት ያንን የለሰለሰ ድምፅ ስናገር ኖሬ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ እንዴት እንደሚያናድድ ሰማሁት። ለሰው የማስተምረውን ራሴ አለማወቄ ደግሞ ይባስ አቃጠለኝ።

ሳምንቱን ሙሉ ቤት ውስጥ ተለማመድኩ። ምንጣፉ ላይ ጫማውንና ስኪቦርዱን አስሬ እተኛለሁ፣ እዞራለሁ፣ በጉልበቴ እሆናለሁ፣ እነሣለሁ። ሳሎን ውስጥ የሚያህለኝ አልነበረም። የእንጨቱን ወለል ጫርኩት፤ የታችኛው ፎቅ ጎረቤት ጣሪያውን አንኳኳ። በሁለተኛው ቅዳሜ ኮረብታው ላይ ስወጣ ግን ያ ሁሉ የት እንደ ገባ! ምንጣፍ ቁልቁለት የለውም። ስኪቦርዱ ወደ ታች ከዞረ በጉልበቴ ገና ከመሆኔ ይዞኝ ይሄዳል። በአገጬ ሄድኩ፣ በደረቴ ሄድኩ፣ አንድ ጊዜም ወደ ኋላ ሄድኩ። ጓንቴን አውልቄ ወረወርኩት፤ ከዚያ እሱን ለማምጣት በደረቴ ተሳብኩ። ልጄ በአጠገቤ ስታልፍ ፍጥነቷን እንኳ አልቀነሰችም። ያን ዕለት ሁለት ጊዜ ወደቀች። ሁለቱንም ጊዜ ቃሉ ጉሮሮዬ ላይ ደረሰ፣ ሁለቱንም ጊዜ ዋጥኩት። እሷም ብድግ ብላ፣ ወደ እኔ ሳታይ ሄደች። ማታ ባለቤቴ «ለምን አትተዪውም?» ሲለኝ የሞቀ ውሃ የያዘ ጎማ ወገቤ ላይ አድርጌ «አንተ ደግሞ ዝም በል» አልኩት።

በሦስተኛው ቅዳሜ በረዶው ጠንካራ ነበር። ከኮረብታው ግማሽ ላይ እንደ ልማዴ ወደቅሁ። ያኔ ነው አሮጊቷ ትዝ ያሉኝ። ባለፈው ዐርብ ከምንጣፉ ተነሥተው ነበር። ጉልበትዎን ያዙሩ ስላቸው እምቢ ብለው መጀመሪያ እግራቸውን ብቻ፣ ቀስ እያሉ፣ እስኪመቻቸው ድረስ ነበር ያዞሩት። እኔ ሁልጊዜ የምቸኩለው ለመቆም ነው። አሁን ተኝቼ ቀረሁ። በጀርባዬ ተንከባልዬ ሁለቱን ስኪቦርዶች ወደ ሰማይ አነሣሁ፣ አዞርኳቸው፣ ከእኔ በታች በኩል ቁልቁለቱን አቋርጠው እንዲተኙ አደረግሁ። ጠርዛቸውን በረዶው ውስጥ ተከልኩ። አልሸሹም። ክርኔን፣ ከዚያ መዳፌን ተደገፍኩ። ሰዎች እያለፉ «ደህና ነሽ?» ይሉኛል፤ አልመለስኩም። በጉልበቴ ሆንኩ፣ ወገቤ ተነሣ፣ እጄ ከበረዶው ለቀቀ።

ቆምኩ። ብቻዬን ቆምኩ! ልጄን ልጣራ ዞርኩ። አላየችኝም። ከእኔ በታች፣ ቀይ ጃኬቷን ለብሳ፣ በፊቷ ተደፍታ ነበር።

አንድ ስኪዋ ከእግሯ ወልቆ ርቆ ሄዷል። አትንቀሳቀስም። ቃሉ መጣ፤ ጥርሴን ነክሼ መለስኩት። ልሮጥ አልችልም፤ ቢቻለኝም ሕግ አለ። ስኪቦርዱን በጎኑ እያስኬድኩ፣ ትንሽ በትንሽ ወረድኩ። ደረስኩ። እጆቼ ሳላዛቸው እንዳይዘረጉ ኪሴ ውስጥ ከተትኳቸው። ጣቶቿን ስታንቀሳቅስ አየሁ፤ ራሷን ቀና አደረገች፤ አልተሰበረችም። ከዚያ በስዊድንኛ፣ በዚያ በሆስፒታል ድምፄ፣ «በጎንሽ ዙሪ» አልኳት። «ክርንሽን ተደገፊ። ጊዜ አለን።»

ቀና ብላ አየችኝ። ጉንጯ በረዶ ነው፤ ከንፈሯ ተልጧል። በጎኗ ዞረች፣ ተደገፈች፣ ተነሣች። ከእኔ በጣም በፈጠነ ሁኔታ ተነሣች። ከዚያ እንባዋ ዱብ ዱብ አለ።

«የቱ ጋ ነው ያመመሽ?»

ራሷን ነቀነቀች።

«ታዲያ ምን ሆንሽ?»

«እኔን አላልሽኝም» አለች። በአማርኛ።

በሕይወቴ እንደዚያ ተናድጄ አላውቅም። ሁለት ሳምንት! ሁለት ሳምንት ምላሴን ነክሼ፣ እጄን ኪሴ ውስጥ አስሬ፣ እንደ ባዕድ ቆሜ ሳያት! ራሷ አይደለችም ሕጉን ያወጣችው? ልጮህባት አፌን ከፈትኩ። የወጣው ግን ሌላ ነው።

«እኔን! እኔን ልጄ! እኔን ድፍት ያርገኝ!»

ድፍት ያርገኝ ያልኩት ወዲያው ደረሰልኝ። ላቅፋት ሁለት እጄን ስዘረጋ ስኪቦርዱ ከሥሬ ሸሸና እግሯ ሥር በግንባሬ ተደፋሁ። የኮረብታው ሰው ሁሉ ዞሮ አየ፤ ታች የተሰለፉትም ሳይቀሩ። ልጄ አፍንጫዋን በጓንቷ ጠረገች፤ ግራና ቀኝ ተመለከተች። እጇን አልዘረጋችልኝም። አጠገቤ ቆማ ጠበቀችኝ፤ በጀርባዬ ስንከባለል፣ ስኪቦርዶቹን ሳዞር፣ በክርኔ ስደገፍ፣ እስክቆም ድረስ።

ስቆም ከኮቴ ላይ በረዶውን አራገፈችልኝ።

«ሐሙስ ግን ቀስ ብለሽ በይኝ» አለች።