አያ ደሴን ፍለጋ ወደ ወገራ

ጎንደር፣ ከጧቱ አሥራ ሁለት ሰዓት። ወላጆቼ ከእስራኤል ሊጠይቁኝ ከመጡ ዛሬ አራተኛ ቀናቸው ነው። እኔ ለሥራ ብዬ እዚህ መኖር ከጀመርኩ ዓመት አልፎኛል፤ እነሱ ግን እኔን አዝለው በሱዳን በኩል ከወጡ ወዲህ አገሩን ሲረግጡ የመጀመሪያቸው ነው። ግንቡን አስጎበኘኋቸው፣ ወደ ቀሐ ወንዝ ወርደን የፋሲልን መዋኛ አየን። እናቴ ፎቶ ስትነሳ ዋለች። የአባዬ ልብ ግን ሌላ ቦታ ነበር።

«አያ ደሴ በሕይወት ይኖር ይሆን?» ይላል ደጋግሞ።

አያ ደሴ የድሮ ጎረቤቱ ናቸው፤ ክርስቲያን ገበሬ። አባዬ ብረት ቀጥቃጭ ስለነበር ማረሻቸውን የሚሠራላቸው እሱ ነበር። ከአገር ስንወጣ ለማንም ትንፍሽ አላልንምና ሳይሰናበታቸው ቀረ። ይኼ ነገር እስከ ዛሬ ይቆጠቁጠዋል። ስለዚህ ዛሬ መኪና ከነሾፌሩ ተከራይተን ወደ ወገራ ጉዞ ጀመርን።

ሦስት ሰዓት፣ አምባ ጊዮርጊስ። ብርዱ አጥንት ድረስ ይዘልቃል። እናቴ ቅቅል ድንች በሚጥሚጣ ገዝታ፣ «ይኼን ሁሉ ብር ለድንች?» እያለች ትበላለች።

«እማማ፣ እርስዎ ከሄዱ ስንት ክረምት አለፈ!» ይስቃል ሾፌሩ።

አምስት ሰዓት፣ መንደራችን። ቤታችን የነበረበት ቦታ እርሻ ሆኗል፤ የቀረው የባቄላ ገለባ ነው። አያ ደሴ ግን አሉ! ከዘራቸውን ተደግፈው ወጡ። አባዬ ያመጣላቸውን ካፖርት ዘረጋ። እሳቸው ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ አሉ።

«መሬት ላይ አስቀምጠው፣ ይርጋ።»

የአባዬ ፊት አመድ መሰለ። «ተቀይመኸኛል። እውነትህን ነው።»

«ምነው? ምን ብዬ እቀየምሃለሁ? ከነካሁህ መታጠብህ አይደል? ወንዙ እንደሁ ጠብታ ውሃ የለው!»

እናቴ በጆሮዬ ነገረችኝ። በእነሱ ዘመን ቤተ እስራኤል የሌላ እምነት ሰው ከነካ ሳይታጠብ ቤቱ አይገባም ነበር። ስለዚህ አያ ደሴ ማረሻቸውን አጥር ሥር ያስቀምጣሉ፣ አባዬ ከመሬት ያነሳ ነበር። እኛ የተውነውን ደንብ እሳቸው ጠብቀውልን ኖረዋል።

«ያ እኮ ቀርቷል፣ አያ ደሴ» አለ አባዬ።

«ቀርቷል? እንግዲያ ምን ያስቆምሃል?»

ተቃቀፉ። ካፖርቱ ወደቀ፣ ያነሳውም የለ። እኔም አለቀስኩ፤ አላፍርበትም።

ዘጠኝ ሰዓት፣ መመለሻ። ሾፌሩ መኪናውን አስነስቶ ጥሩምባ ነፋ። አያ ደሴ የአባዬን እጅ እንደያዙ እስከ መኪናው በር ድረስ መጡ። ሊገባ ሲል ጠበቅ አደረጉት።

«ቆይ እንጂ! ያን ጊዜ ሳትሰናበተኝ ሄድክ። ዛሬ ቀስ ብለህ ተሰናበተኝ።»

ሾፌሩ ሞተሩን አጠፋ።